ሻንጣዋ ባዶ ነበር፤ እጇ ግን ሙያ ይዞ መጣ!

ዛሬ ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት አላወራችሁም። ዛሬ ማጀት ልንገባ ነው። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» የምትል አክስት ያለችው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ወንዶችም ተከተሉኝ። የማወራችሁ በሎሚና በብርቱካን ልጣጭ ስለሚጋገር ለስላሳ ኩኪስ ነው። በዚያውም አንድ ጥፋቴን እናዘዝላችኋለሁ።

ይኸውላችሁ፣ የአክስቴ ልጅ ቤሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። እኔ ተማሪ ሳለሁ የደብተሬንም የጫማዬንም የምትልክልኝ እሷ ነበረች። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሲሆን «አይዞህ፣ አንተ ጽሑፍ ትችላለህ» ብላ ደውላ ያጽናናችኝም እሷው ነች። እኔስ ምን አልኳት? «ሞባይል ላኪልኝ!» ላከችልኝ።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ሲወርድ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። አንዳንዶቹም የእኛን ልጆች ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሏቸው ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ ተጨመረበት። የእኛዋም ልጅ የስድስት ወር ደመወዟን ሳትቀበል በመስከረም 2013 ዓ.ም. አገሯ ገባች።

አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። የሁላችንም ዓይን ግን ሻንጣው ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት «ምን ምን ይዘሽልን መጣሽ?» አለች። እኔም አፌን ከፍቼ «የእኔስ ነገር?» ብዬ ሳቅሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቀላል። ሻንጣው ተከፈተ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ፎጣ፣ ለእናቷ አንድ ሻርፕ። በቃ!

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ብንጠራት አትወጣም፣ ብናናግራት «እሺ» ብቻ ነው። ሁለት ወር አለፈ።

በዚያን ሰሞን እኔ ዓይኔን የጣልኩባት አንዲት ልጅ ልደቷ ደረሰ። ኪሴ ደግሞ ባዶ ነው፤ ኬክ ቤት የሚያስገባ አቅም የለኝም። አክስቴ ቤት አንዲት አሮጌ ኦቨን አለች። «ለምን ኩኪስ አልጋግርላትም?» ብዬ እሑድ ጠዋት እጄን ሰብስቤ ገባሁ። ቅቤውን አቅልጬ ዱቄቱ ላይ ገለበጥኩት። አምስት ሎሚ ጨመቅሁበት። ቶሎ ይድረስ ብዬ ኦቨኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የወጣው ነገር ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ? ጫፉ የከሰለ፣ መሀሉ ሊጥ የሆነ፣ ፓትራው ላይ የተጣበቀ አንድ ትልቅ ቂጣ! ጭሱ ሰፈሩን አዳረሰ።

ይሄኔ የተዘጋው በር ተከፈተ።

«አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው እንዴ?»

በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ«እሺ» ያለፈ ቃል ሰማሁ። ፓትራውን አየችና ሳቀች። ከዚያ ሎሚውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ጭማቂውን ተወው። የሎሚ ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ነው» አለች። እናላችሁ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ ከእሷ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ያዙ። የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 170 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ የአንድ ብርቱካንና የሦስት ሎሚ ልጣጭ፣ የሎሚ ጭማቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፣ ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር ያህል። ሚዛን ከሌላችሁ ባለ ሱቁን አስመዝናችሁ ግዙ። በቅመም የተነጠረ የወጥ ቅቤ እንዳታስገቡበት አደራ! ኩኪሱ ዶሮ ዶሮ ይላል።

ሎሚውንና ብርቱካኑን በደንብ እጠቡ። በመፈቅፈቂያው ጥርስ ቀለም ያለውን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ፋቁ። ከሥር ያለው ነጩ ይመራል፣ አትንኩት። ከዚያ የተፋቀውን ስኳሩ ውስጥ ጨምራችሁ በጣቶቻችሁ እሹት። ልጣጩ ውስጥ ሽታውን የያዘ ዘይት አለ፤ ስኳሩ ያንን ዘይት መጥጦ ያወጣዋል። ስኳሩ እርጥብና ቢጫ ሲሆን ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል። የምትጠቀሙበት ስኳር ጠጠር ጠጠር ካለ ቀድማችሁ ወቀጥ አድርጉት፤ ነጭ ሽንኩርት በተወቀጠበት ሙቀጫ ግን አይሁን!

ቅቤው መለስለስ እንጂ መቅለጥ የለበትም። በጣት ሲጫኑት ምልክት ከያዘ በቂ ነው። የቀለጠ ቅቤ ኩኪሱን ይዘረጋዋል፤ የእኔ ቂጣ አንዱ ጥፋቱ ይኸው ነበር። ቅቤውንና ስኳሩን ነጣ እስኪል ሦስት ደቂቃ ያህል ምቱት፣ እንቁላሉን ጨምሩ፣ ጭማቂውን አስከትሉ። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ሶዳውንና ጨውን ለብቻ ደባልቃችሁ ግቡበት። ዱቄቱ ከዓይን ሲጠፋ ማማሰሉን ተዉ። እንደ ዳቦ ሊጥ ካሻችሁት ኩኪሱ ይጠነክራል።

ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ ከእንቁላል አስኳል ትንሽ ከፍ ባለ መጠን እያድቦለቦላችሁ፣ ስኳር ላይ እያንከባለላችሁ፣ ፓትራው ላይ ሦስት ጣት እያራራቃችሁ ደርድሩ። ወደ 28 ፍሬ ይወጣዋል። ኦቨኑን ቀድማችሁ በ180 ዲግሪ አሙቁና 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት።

ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ጫፉ ያዝ አድርጎ መሀሉ ገና ያልበሰለ ሲመስላችሁ አውጡት! «ትንሽ ይቆይ» ያለ ሰው የሚበላው ደረቅ ብስኩት ነው። ፓትራው ትኩስ ስለሆነ ኩኪሱ ከወጣም በኋላ ይበስላል። አምስት ደቂቃ ሳትነኩት ተዉትና ከዚያ አንሡት።

«የውጭ አገር መጽሐፍ አይቼ ሠርቼ ተዘረጋብኝ» የምትሉኝ አላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውኃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል፣ ኩኪሱም ቅርጹን ሳይዝ ይተኛል። ስለዚህ ነው ሶዳውንና ስኳሩን የቀነስነው። ድሬዳዋና ሌላም ቆላ ያላችሁ ሶዳውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማድረስ ትችላላችሁ።

ጾም ከሆነስ? በቅቤው ፈንታ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በእንቁላሉ ፈንታ አራት የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ አግቡ። የጾሙ ብዙ ስለማይዘረጋ ከመጋገሩ በፊት በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ኩኪሱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጡት፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ አብራችሁ ብትከቱበት ለስላሳነቱ ለቀናት ይቆያል። ዳቦው ይደርቃል እንጂ ኩኪሱ አይደርቅም።

ወደ ጨዋታዬ ልመለስ። ስኳሩን እያሸች ማውራት ጀመረች። ማዳሟ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ኩኪስ ታስጋግራት ነበር። ሎሚ መፋቁን፣ ሰዓት መጠበቁን የለመደችው እዚያ ነው። ጋግራ ታቀርባለች፣ በልተው ሲነሡ ሳህኑን ታጥባለች። «ስድስት ዓመት ጋገርኩ፤ ለራሴ ብዬ ስጋግር ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ።

ይህን ጊዜ ነው ያ የሻንጣው ነገር ጉሮሮዬን የያዘኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሻንጣው።»

ዝም አለች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ትንሽ ቆይታ «ይልቅ ፓትራውን አውጣ፣ ሊያርብህ ነው» አለች። አወጣሁ። የመጀመሪያውን ኩኪስ አንሥታ እፍ እፍ አለችና ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን ሰጠችኝ። ከዚያ ከፓትራው አጠገብ ቁጭ ብላ የራሷን ግማሽ ቀስ ብላ በላች። አክስቴ ከበሩ ሆና ታየን ነበር፤ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» ማለቷንም ረሳችው።

ልደቷ የነበረችውስ ልጅ ትሉኝ ይሆናል። ኩኪሱን አጣጥማ በላች፤ እኔን ግን አልፈለገችኝም። ይሁን! የአክስቴ ልጅ ግን በማግስቱ በሯን ሳትዘጋ ዋለች። ዛሬ ለልደትና ለቡና ትዕዛዝ ትቀበላለች። ሀብታም አልሆነችም፣ ያልተከፈላትም ደመወዝ አልተመለሰላትም። መብራት በሄደ ቁጥርም ሊጡን ፍሪጅ ከትታ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የኦቨኗን ወጪ ችላ ለእናቷ ቤት ኪራይ ታግዛለች።

ወዳጆቼ፣ በየቤታችሁ ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ የተመለሰች እህት ትኖራለች። በሩን ስትገባ ዓይናችሁን ሻንጣዋ ላይ አታሳርፉ። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ያለ አፍ ምን ያህል እንደሚያቆስል እኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ትረፍ፣ ትብላ፣ ትተኛ። ሲቀልላት ደግሞ «እዚያ ምን ምን ትሠሪ ነበር? እስቲ አሳይኝ» በሏት። እናንተ ሎሚውን እጠቡ፣ እሷ ትፋቅ።

በሉ ቸር ሰንብቱ!