ቤትንና አብያተ ክርስቲያናትን ከመብረቅ ስለ መጠበቅ

በጐንደር ከተማና በሰሜን ጐንደር ደጋ የክረምት ዝናም ለአራሹ በረከት ነው፤ ነገር ግን ከዝናሙ ጋር የሚመጣው መብረቅ ሰውንና ከብትን ይገድላል፤ ቤትንና ጐተራን ያቃጥላል። የጐንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የራስ ደጀን ተራራም 4,550 ሜትር ያህል ይደርሳል። በእንደዚህ ያለ አገር በኮረብታ ራስ ላይ የተሠራ ቤት ሁሉ ለመብረቅ የተጋለጠ ነው። ጉዳቱን ፈጽሞ ማጥፋት ባይቻልም አብዛኛውን መከላከል ይቻላልና፣ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ቤትና መሬት ያላቸው ሰዎች የዚህን ነገር ምክንያትና መድኃኒት ሊያውቁት ይገባል።

ለዚህም ሩቅ ምስክር መፈለግ አያሻም። በዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ዘመነ መንግሥት በጐንደር የተሠራችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በመብረቅ ተመትታ ስለ ተጎዳች ዛሬ የምትታየው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በኋላ ተሠራች። በጣራዋ ውስጥ የተሣሉት የመላእክት ፊቶችና በግድግዳዋ ላይ ያሉት ሥዕሎች ዛሬ የዓለም ሁሉ ቅርስ ናቸው። ግድግዳ ቢፈርስ እንደ ገና ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ግን አንድ ጊዜ ከተቃጠለ የሚተካው የለም።

የመብረቅ ጠባይ እንዲህ ነው። በደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣትና የውሃ ነጠብጣብ በነፋስ ኃይል ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለያያል፤ የደመናው የታችኛው ክፍል በአንደኛው ዐይነት ኃይል ሲሞላ በሥሩ ያለው መሬት በተቃራኒው ይሞላል። ሁለቱም ሲበረቱ አየሩን ቀደው ይገናኛሉ። በዚያች ቅጽበት የሚያልፈው ኃይል ብዙ ጊዜ 30,000 አምፔር ያህል ነው፤ የመንገዱም ግለት ከፀሐይ ፊት ግለት ይበልጣል። መብረቅ ብረትን ከሩቅ አይጠራም፤ ነገር ግን ከአካባቢው ከፍ ያለውን ነገር፣ ዛፍም ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትም ቢሆን፣ አስቀድሞ ያገኘዋል። በእንጨትና በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ በዚያ ያለውን እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ስለሚለውጠው ዛፉን ይሰነጥቃል፤ ግድግዳውንም ያፈርሳል።

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ከተረዳ በኋላ የመከላከያው ብረት በየአገሩ ተተከለ። በቬኒስ ከተማ ያለው የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ በመብረቅ የተመታ ነበር፤ በኋላ ግን ብረቱ ተተከለለት።

መከላከያው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው በቤቱ ከፍተኛ ስፍራ ላይ የሚቆመው ዘንግ ነው፤ ሁለተኛው ከዘንጉ ወደ ታች የሚወርደው ሽቦ ነው፤ ሦስተኛው በምድር ውስጥ የሚቀበረው ብረት ነው። የሚወርደው ሽቦ ከ50 ካሬ ሚሊሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው መዳብ ሊሆን ይገባል፤ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውረድ እንጂ በጠባብ አይታጠፍ። ለአንድ ቤት ቢያንስ ሁለት ሽቦ በሁለት ወገን ይወርዳል፤ የሚወርድበትም ስፍራ ሰው ከሚቆምበት ከደጃፍ የራቀ ይሁን። በምድር የሚገባው ብረት ከ2 ሜትር ተኩል ያላነሰ ጥልቀት እርጥበት ወዳለው አፈር ይዝለቅ። ምድሩ ዐለት የሆነ እንደሆነ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ሽቦው እንደ ቀለበት ይቀበራል። የቆርቆሮ ክዳንም ከሽቦው ጋር ይያያዛል። ክዳኑ ሣር ከሆነ ግን ሽቦው ሣሩን እንዳይነካ፣ ከ15 ሳንቲሜትር ያላነሰ ርቀት ተሰጥቶት በማይቃጠል ድጋፍ ላይ ይዘረጋል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ሽቦው የተቆረጠ ወይም ሌባ የወሰደው መከላከያ ከምንም ይከፋል፤ ዘንጉ መብረቁን ተቀብሎ መውጫ ስለሚያጣ ኃይሉ በቤቱ ውስጥ ይበተናልና። ስለዚህ በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ ክረምት ሳይገባ፣ ዐዋቂ መርምሮ ማሰሪያውን ያጥብቅ፤ የምድሩም መቋቋም ከ10 ኦም እንዳይበልጥ ይለካ። እንደ ፋሲል ግቢና እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባሉ ጥንታውያን ሕንጻዎች ግን የቅርስ ጠባቂዎች ሳይፈቅዱ አንድ ድንጋይ እንኳ መብሳት አይገባም።

አንዳንድ ሰው መብረቅን መከላከል የእግዚአብሔርን ፈቃድ መቃወም ይመስለዋል። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከጣራው ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የመብረቅ መከላከያም እንዲሁ የቤት መከታ ነውና፣ ካህናት ይህን ለሕዝቡ ቢያስረዱ ይጠቅማል።

ብረት ሊተከልለት የማይችለው እረኛና ከብት በማስተማር ይጠበቃል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ይቈጠር፤ በየሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ አደጋው ቅርብ ነውና ወደ ጠንካራ ቤት መግባት ይገባል፤ ከመጨረሻውም ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳያልፍ መውጣት አይገባም። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል እጅግ ክፉ ነው። ከብት በዛፍ ሥር በአንድ ጊዜ ብዙ የሚሞተው ኃይሉ በምድር ላይ ሲሰራጭ ከፊት እግሩ ገብቶ በኋላ እግሩ ስለሚወጣ ነው። የተመታ ሰው በገላው ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርበትም፤ ስለዚህ ሳይፈሩ ነክተው፣ ትንፋሹ ቢቆም አፍ ለአፍ እያስተነፈሱ፣ የልቡ ምት ቢጠፋ ደረቱን እየጫኑ መርዳት ይገባል።

የየወረዳው ሹም በበጋው በኮረብታ ላይ ያሉትን ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ የሕክምና ቤቶችና የእህል መጋዘኖች አስቈጥሮ ቢጽፍ፣ ብዙ ሰው ከሚሰበሰብበትም ቢጀምር፣ ገንዘቡ በከንቱ አይባክንም። ክረምት ከገባ በኋላ ግን በእርጥብ ጣራ ላይ ብረት ይዞ የሚወጣ ሠራተኛ ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣልና፣ ሥራው በጊዜው እንዲፈጸም ማድረግ የአስተዳዳሪው ፈንታ ነው።