«ትንሽ ጃዝ ጨምርበት»

በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን ሥራ ተደራርቦብኝ ሳለ አንድ በፖፕ የሚታወቅ ወጣት ዘፋኝ አረካ ያለው ስቱዲዮዬ ድረስ መጣና «ጋሼ፣ ቀጣዩ አልበሜ ጃዝ ነው» አለኝ። ዘፈኖቹ ግን ተቀድተው አልቀዋል! የቀረው ከበሮው እንዲዘገይ፣ ሳክስፎን እንዲገባ፣ ኮርዱም «ወፈር እንዲል» ብቻ ነው። ጃዝ እንደ ሚጥሚጣ መጨረሻ ላይ የሚነሰነስ የሚመስለው እሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ።

በመጀመሪያ፣ ሳክስፎን ስላለ ጃዝ አይሆንም። ጥላሁን ገሠሠን ያጀበው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የትንፋሽ መሣሪያ ሞልቶት ነበር፤ ዘፈኖቹን ጃዝ ያላቸው ግን የለም። ጌታቸው መኩሪያም ሳክስፎኑን ያስፎከረው በሽለላ ነው። ዘገምተኛነትም ቢሆን ጃዝ አያደርግም፤ ይህን ማስረዳቱ ራሱ ይታክታል።

ኮርድ ማወፈሩ ላይ ግን ልቆይ፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ፋ እና ሲ የሉትም። ሆድ የሚያባባው ግማሹ ነገር የእነዚህ ድምፆች አለመኖር ነው። ኪቦርዲስቱ ሜጀር ሰቨን ሲረግጥ ሲ ከች ይላል፤ ዶ ላይ ሊያርፍ የመጣው ድምፃዊም ግማሽ ቶን ብቻ የራቀ ተቀናቃኝ ይጠብቀዋል። አንቺሆዬማ በተፈጥሮው ግማሽ ቶኖች የተፋጠጡበት ቅኝት ነው። ኮርድ ሲቆለልበት ቅኝቱ ይሰወርና የሆቴል ሎቢ ሙዚቃ ይተርፈናል። የኢትዮ-ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ የለፋው ለዚሁ ነው፦ ዜማው በአምስቱ ድምፅ ጸንቶ እንዲቆም፣ ከሥሩ ያለው ሃርመኒ ደግሞ ቀለሙን ሳያጠፋ እንዲንቀሳቀስ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበሙ ላይ ዘፋኝ የለም። ስለዚህ በዚያ መንገድ ግጥምና ድምፅ ይዞ የሚገባ ሰው ገና ያልተፈታ የቤት ሥራ ይዞ ነው የሚገባው።

«ጂጂስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮአ ሳንደርስ እና ሄንሪ ትሬድጊል ተጫውተዋል። አልበሙን ጃዝ ለማለት ግን እኔ አልደፍርም። የቻግኒዋ ልጅ ለእነሱ ብላ አዘፋፈኗን አልለወጠችም፤ እነዚያ ሁሉ አንጋፎች ናቸው ወደ ዜማዋ የመጡት። ከዚህ አልበም የታዋቂዎቹን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ምን ይጠቅማል?

የእኛ ችግር ደግሞ ክፍት ቦታ መፍራታችን ነው። ዘፋኙ የተወውን ትንፋሽ ኪቦርዱ ይሞላዋል፣ ኪቦርዱ የተወውን አጃቢዎቹ። እኛ ትናንሽ ስቱዲዮዎች በክሊክ እንጀምራለን፤ ከበሮው ከኮምፒውተር፣ ባሱ ከኪቦርድ፣ ድምፅ በመጨረሻ። ዘፋኙ ስንኙን ጥቂት ሲያዘገየው የሚሰማና የሚመልስለት ሰው የለም። ይህን መልስ በሚክስ ጊዜ ከየትም አላመጣውም። ለነገሩ አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበል ለወላይታ ልጅ አዲስ አይደለም፤ ጊፋታ ላይ ያደገበት ነው። ስቱዲዮ ሲገባ ነው የሚረሳው።

ለማንኛውም ጃዝ ይቀዳ የሚለኝ ሰው ያልተቀዳ አንድ ዘፈን ያምጣልኝ። ከባስና ከከበሮ ተጫዋች ጋር ማይክ ሳይከፈት ደጋግሞ ይለማመድ፤ መሃል ላይም ዝም ብሎ እነሱን ይስማ። ለሳክስፎን የያዘውን ብር ለሁለቱ የልምምድ አበል ያድርገው።