ሞተሩ ላይ የተጻፈው 15 ኪሎዋት፣ ከመስመር የሚስበው 10። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የፋብሪካው የመብራት ቢል ይመጣል። ባለቤቱ "ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?" ይላል። ጥገና ክፍል በየሞተሩ ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት ይደምርና በስራ ሰዓት ያባዛል። የወጣው ቁጥር ከቢሉ ጋር አይገናኝም። ከዛ ወይ ቆጣሪው ይታማል፣ ወይ ሰራተኛው "ማሽን ከፍቶ ይሄዳል" ይባላል።

ማንንም ከመውቀስ በፊት ግን ሂሳቡን ማየት ነው። ቀላል ነገርም አይደለም፤ በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኤሌክትሪክ ከ40 በመቶ በላዩ የሚሄደው ለሞተሮች ነው። ዱቄት ፋብሪካ በሉት፣ ሲሚንቶ በሉት፣ የውሃ ፓምፕ በሉት፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ሞተር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ኔምፕሌቱን እንደ ፍጆታ መውሰድ ነው። "15 ኪሎዋት" ማለት ሞተሩ በሙሉ ጭነት ሲሰራ በዘንጉ በኩል ለማሽኑ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከመስመር የሚስበው ሌላ ነው። ለምን?

1. ብቃት፦ ሞተር ከሚስበው ኤሌክትሪክ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ብቃቱ 90 በመቶ ከሆነ 9 ለመስጠት 10 ይስባል።

2. ጭነት፦ ብዙ ሞተር በሙሉ አቅሙ አይሰራም። ሲገዛ "ለማንኛውም ትልቅ ይሁን" ተብሎ ነው የተገዛው።

ስለዚህ ቀመሩ ይሄ ነው፦
ኔምፕሌት ኪሎዋት × ጭነት ÷ ብቃት × የሰራበት ሰዓት

(ኔምፕሌቱ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ከሆነ መጀመሪያ በ0.746 አባዙት።)

በምሳሌ እንየው። የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሞተር 15 ኪሎዋት ነው፤ ጭነቱ 60 በመቶ፣ ብቃቱ 90 በመቶ። 15 × 0.6 ÷ 0.9 = 10 ኪሎዋት። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሰራ 2,600 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ኔምፕሌቱን ብቻ ያባዛ ሰው ግን 3,900 ነው የሚለው። በአንድ ሞተር ብቻ የ1,300 ልዩነት!

"ጭነቱን በምን አውቃለሁ?" ካላችሁ፣ በግምት ሳይሆን በመለካት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በክላምፕ ሜትር አምፒሩን ይለካል። ለስሪ ፌዝ ሞተር 1.732 × ቮልት × አምፒር × ፓወር ፋክተር ነው። 400 ቮልት፣ 19 አምፒር፣ ፓወር ፋክተር 0.76 ቢሆን 10,000 ዋት ገደማ፣ ማለትም ያው 10 ኪሎዋት ይመጣል።

እዚህ ጋር ተጠንቀቁ፦ አምፒር ብቻውን ይዋሻል። ሞተር ባዶውን ሲሽከረከርም ብዙ አምፒር ያሳያል፤ ፓወር ፋክተሩ ግን በጣም ይወርዳል፣ የሚበላው ኪሎዋትም ትንሽ ነው። ስለዚህ ፓወር ፋክተሩንም የሚያነብ መሳሪያ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓት ላይ ነው። የሺፍት ሰዓት የሞተር ሰዓት አይደለም። ኮምፕረሰር ቀኑን ሙሉ ቢከፈትም እየቆመ እየተነሳ ነው የሚሰራው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ደግሞ ትንሹ ሞተር ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ 4 ኪሎዋት ብቻ እየሳበ 24 ሰዓት የሚሰራ ፓምፕ በ30 ቀን 2,880 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከዛ ትልቅ ከሚመስለው የወፍጮ ሞተር ይበልጣል!

ይሄን ማወቅ ጥቅሙ ገንዘቡ የት እንደሚፈስ ማሳየቱ ነው። ያ ፓምፕ ሌሊት ላይ ስራ ከሌለው ማጥፋት ነጻ ነው። ፋን ከሆነ ደግሞ በድራይቭ ፍጥነቱን 20 በመቶ ብትቀንሱ የሚፈልገው ጉልበት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሰሩ፣ አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ሞተር የተለካ ኪሎዋትና በቀን የሚሰራበትን ሰዓት ጻፉ፣ አባዙ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። ቢሉ ላይ ክርክር ሲነሳ ቆጣሪውንም ሰራተኛውንም ከማማት በፊት የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ጥገና ላይ ለሚሰራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።