«አሴይቴ» እና «ዘይት»፦ የአንድ ቃል ሁለት መንገዶች

ማድሪድ ከተማ ውስጥ ሱቅ ገብቶ «አሴይቴ» የጠየቀ ሰው የሚቀርብለት ዘይት ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ትተው ቀሪውን ያንብቡት፤ «ሴይቴ»፣ «ዘይት»። ለመሆኑ ይህ መመሳሰል አጋጣሚ ይሆን?

መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይደለም። የስፓኒሹ «ሙቾ» እና የእንግሊዝኛው «ማች» ሁለቱም «ብዙ» ማለት ቢሆኑም ሥራቸው የተለያየ ነው። ስለሆነም የቃላት ታሪክ አጥኚ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። ቃሉ በየት በኩል ገባ? የድምፁስ ለውጥ ሥርዓት አለው?

የመጀመሪያውን ታሪክ ይመልሰዋል። ስፓኒሽ የተወለደው ከላቲን ነው፤ ላቲንም ዘይትን «ኦሌውም» ይለዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ711 የተጀመረው የሙስሊሞች አገዛዝ፣ ግራናዳ እስከ ወደቀችበት እስከ 1492 ድረስ በስፔን ምድር ቆይቷል። በዚያ ዘመን በርካታ የእርሻና የገበያ ቃላት ከዐረብኛ ገቡ።

ሁለተኛውን ሰዋስው ይመልሰዋል። በዐረብኛ «አል» የተባለው የእሙርነት አመልካች ከ«ዘይት» በፊት ሲመጣ «ል» በ«ዝ» ይዋጥና «አዝ-ዘይት» ይሆናል። ስፔናውያን ቃሉን ከነአመልካቹ ወሰዱት። ስኳርን «አሱካር» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የወይራ ፍሬ «አሴይቱና» ሲባል ዛፉ ግን «ኦሊቮ» የሚለውን የላቲን ስሙን እንደያዘ ቀርቷል።

የእኛ «ዘይት» ከስፔን አልመጣም። ግእዝም ዐረብኛም የሚጋሩት ሴማዊ ቃል ነው፤ በዕብራይስጥ «ዛይት» ወይራ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ያለው ደብረ ዘይትም የወይራ ተራራ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋዎች ሰፋ። እኛ የኑግ ዘይት፣ የሞተር ዘይት እንደምንል ስፔናውያንም «አሴይቴ»ን ለሁለቱም ይጠቀሙበታል። ኬሚስትሪ ግን ይለያያቸዋል። የኑግም የወይራም ዘይት ከግሊሰሮልና ከፋቲ አሲዶች የተገነባ ሲሆን፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣው የሞተር ዘይት በአብዛኛው ሃይድሮካርቦን ነው። የመጀመሪያው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ሳሙና ይሆናል፤ ሁለተኛው አይሆንም። ቃሉ ያገናኛቸው በልስላሴያቸውና ከውሃ ጋር ባለመዋሐዳቸው እንጂ በይዘታቸው አይደለም።

በአንጻሩ የአገራችን ወይራና የስፔን «ኦሊቮ» በስም ባይገናኙም፣ ሁለቱም ኦሌያ ዩሮፒያ የተባለው ዝርያ አባላት ናቸው። የቃል ዝምድናና የተፈጥሮ ዝምድና ለየብቻ የሚመረመሩ ናቸው።