ስለ ትንንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተሮችና ስለ ደጋው አየር

ከጣርማ በር በሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ የሚዘልቅ ነጋዴ መሐል ሜዳ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መቆሙን ብርዱ ይነግረዋል። ሰው በርኖሱን ይደርባል፤ ለሽያጭ የመጣው ሞተር ግን የሚደርበው የለውም። በቆላ አገር በአንድ ጉተታ ይነሣ የነበረው ትንሽ ሞተር እዚህ ሲደርስ ይጨሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ዳገት ላይም ይለግማል። ገዢው «የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልኛል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባለሱቁ አስመጪውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም ፋብሪካውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአንዳቸውም አይደለም፤ ነገሩ የአየሩ መሳሳት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር አንድ ጊዜ ኃይል ይሰጣል። ባለ አራት ምቱ ግን ለዚሁ ሥራ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለበት። ስለዚህም ባለ ሁለት ምቱ ክብደቱ ጥቂት፣ አሠራሩ ቀላል፣ ጉልበቱ ከመጠኑ በላይ በመሆኑ ለባለ ሞተር መጋዝ፣ በጀርባ ለሚታዘል የመድኃኒት መርጫና ለአንዳንድ ሞተር ብስክሌት ተመራጭ ሆኖ ኖሯል።

ከእንዲህ ያለ ሞተር የመጨረሻውን ጉልበት ማውጣትን በሚገባ የተማሩት ደግሞ የትንንሽ አውሮፕላን አምሳያ የሚያበርሩ ሰዎች ናቸው። በጃፓን ኦሳካ ከተማ ኦ.ኤስ. የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 ተቋቁሞ ለዚሁ የሚሆኑ ሞተሮችን ሠርቷል። ለፍጥነት ውድድር የሚውለው ሞተር የሲሊንደሩ መጠን 2.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ጉልበት የሚጨመርባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን በማሳሳት እመቃውን ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የጢስ መውጫውን ቀዳዳ ወደ ላይ ማስፋት ነው፤ ይህ በከፍተኛ ፍጥነት ጉልበት ይጨምራል፤ በዝግታ ጊዜ ግን ይቀንሳል። ሦስተኛው ማርሚታውን በልክ መሥራት ነው፤ በልክ የተሠራ ማርሚታ የጢሱን ሞገድ መልሶ በመላክ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። የምሥራቅ ጀርመኑ መሐንዲስ ቫልተር ካደን በዚህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አውጥቷል። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኧርንስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ከድቶ ዕውቀቱን ለሱዙኪ በማድረሱ፣ የጃፓኑ ፋብሪካ በ1962 በ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ችሏል። አራተኛው መንገድ ነዳጁን መለወጥ ነው፤ አምሳያ አብራሪዎች በቤንዚን ፈንታ ሜታኖል ይጠቀማሉ፤ ኦክሲጅንን በራሱ የያዘ ናይትሮሜቴን የተባለ ፈሳሽም ይጨምሩበታል።

እንግዲህ የመሐል ሜዳ ባለሱቅ ከዚህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል? በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 10 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ ሰባት ተኩል ግድም ቢሰጥ አያስገርምም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እንኳ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ምት ሞተሯ በዚያው ከፍታ በሥሌት 90 ያህሉን ብቻ ሊሰጥ ይችል ነበር። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል፤ ጢሱና የካንዴላው ጥቁረትም ከዚህ ይመጣሉ። መድኃኒቱ አነስ ያለ ጂግለር መግጠም ነው፤ በሥሌት ለባሕር ወለል ከተዘጋጀው የነዳጅ ፍሰት 14 በመቶ ያህል መቀነስ ይገባል። ይህ የጠፋውን ጉልበት ሁሉ ባይመልስም በድብልቁ መበላሸት የጠፋውን ይመልሳል።

ዳሩ ግን በዚህ ላይ አንድ ከባድ አደጋ አለ። በመሐል ሜዳ ጂግለሩ የተቀነሰለት ሞተር ብስክሌት ገበያ ለመሄድ ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ፣ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ወዳለው ወፍራም አየር ይገባል። አየሩ ይበዛል፤ ነዳጁ ያንሳል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚሄድ ከሆነ ነዳጁ ሲያንስ ማለስለሻውም ያንሳል። ፒስተኑ ይግልና ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። የሳሳ ጓርኒሲዮንም ቢኖርበት ጉዳቱ ይፈጥናል። የጢስ መውጫውን በሞረድ ማስፋትማ ለደጋ ሥራ ፈጽሞ አይመከርም፤ የዳገት ሞተር የሚፈልገው የዝግታ ጉልበት ነውና፤ የተሞረደ ብረትም ተመልሶ አይሞላም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አስመጪ የሆነ ሰው ሞተር ሲያዝ ሁለትና ሦስት ቁጥር ዝቅ ያሉ ጂግለሮችን፣ ካንዴላዎችንና ለሁለት ምት የተዘጋጀ ዘይትን አብሮ ቢያዝ ዋጋው ከአንድ ተመላሽ ሞተር ኪሳራ ያንሳል። ባለሱቁም ደንበኛውን «በየት አገር ይሠሩበታል? ወደ ቆላስ ይወርዳሉ?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ነባሩንም ጂግለር በወረቀት ጠቅልሎ አብሮ ቢሰጠው፣ ወቀሳን ያስቀራል፤ ደንበኛም ያፈራል።

ለላኪዎችም አንድ ነገር ይጨመር። የአምሳያ አውሮፕላን ሞተር ከሜታኖል ጋር የሚደባለቅ የጉሎ ዘይት ይጠጣል፤ ተራው የማዕድን ዘይት ከሜታኖል ጋር አይዋሐድምና። ካስትሮል የተባለውም ስም እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ከዚሁ ከጉሎ ዘይት መጠሪያ ነው። ጉሎ ደግሞ በአገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። በየደጁ የበቀለውን የሚንቅ ነጋዴ፣ ሌላው አገር በጠርሙስ አሽጎ ሲሸጥለት ዋጋውን ይረዳዋል።