ከንፈር ላይ የሚወጣው «ምች»፦ መድኃኒቱ መቼ ይጠቅማል? ከማንስ እንራቅ?

በመራዊም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር አንድ ሰው ጠዋት ሲነሳ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍንጣሪዎች ካየ ምክንያቱን አይጠይቅም። «ምች መታኝ» ይላል። እናት ወይም አያት ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ ታሻለች፣ ጭማቂውን ታሸተዋለች፣ ግንባሩን ትቀባዋለች። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው ከዚህ ጎን ለጎን ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «የምች ቅባት ስጡኝ» ይላል። ከሚሸጡት አንዱ አሲክሎቪር የተባለ ጸረ ቫይረስ መድኃኒት ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ጊዜውን ካላወቁበት ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። ከመድኃኒቱ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ቁስሉ ለእኛ ቀላል ቢሆንም በቤታችን ላለ አራስ ሕፃን ግን ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል።

ምች በሐኪም ዓይን ምንድን ነው?

«ምች» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን፤ ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን በአንድ በኩል፣ የከንፈሩን ቁስል በሌላ በኩል። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው ቫይረሱን የሚያገኘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰቡ በመሳም ወይም በምራቅ ንክኪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ይህ ቫይረስ አለባቸው። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የመጥፎ ምግባር ምልክትም አይደለም።

ቫይረሱ አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም። ፊትን በሚያዳርሰው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ሰውነት ሲደክም፣ ትኩሳት ሲይዝ፣ ጭንቀት ሲበዛ፣ ፀሐይ ፊትን ሲያቃጥል ይነቃና በነርቩ መስመር ተመልሶ ከንፈር ላይ ይወጣል። የድሮ ሰዎች «ፀሐይ ላይ ውለህ ነው» ማለታቸው መሠረት አለው። በቆጋ መስኖ በበጋ ሲያርስ፣ ሲኮተኩትና ውኃ ሲያጠጣ የሚውል ገበሬ ከንፈሩ ደጋግሞ ቢቆስል አይገርምም። ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ወይም ፊትን በሻሽ ከፀሐይ መከለል በራሱ መከላከያ ነው።

ዳማከሴስ? በላብራቶሪ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቅጠሉ ትኩሳት የማብረድ ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል። ማሽተቱና ግንባር መቀባቱ የሚያሳስብ አይደለም። ነገር ግን ጭማቂውን ዓይን ውስጥ ወይም ሕፃን ልጅ አፍንጫ ውስጥ መጨመር አይገባም፤ በተከፈተ ቁስል ላይ ያልታጠበ ቅጠል ማሸትም ሌላ ኢንፌክሽን ይጋብዛል።

ትኩሳት ካለ መጀመሪያ ደም ይመርመሩ

ይህን ነጥብ አደራ እንላለን። የከንፈር ምች ብዙ ጊዜ የሌላ ትኩሳት ተከታይ ነው። ወባና የሳንባ ምች ከንፈር ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ያስወጣሉ። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ ወባ የሚገኝበት አካባቢ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ማላብ እያለ «ምች ነው፣ ይለፋል» ብሎ ቤት መተኛት ወባን ለማባባስ ጊዜ መስጠት ነው። አሲክሎቪር ወባን አያክምም። ትኩሳት ካለ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመር ይቀድማል። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንገት መገተር ከተጨመረበትም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

አሲክሎቪር እንዴት ይሠራል?

መድኃኒቱ ቫይረሱ ራሱን እንዳያባዛ ያግደዋል። ወደ ሥራ የሚገባው በዋናነት ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ጤነኛውን የሰውነት ክፍል ብዙም አይነካም። በዚህ ምርምር ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራት ሳይንቲስት ገርትሩድ ኤሊየን በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ናት።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መድኃኒቱ የሚያግደው መባዛትን ስለሆነ የሚጠቅመው ቫይረሱ እየተባዛ ሳለ ብቻ ነው። ይህም ከንፈር ማሳከክ፣ መንዘርና ማቃጠል የሚጀምርበት፣ ፍንጣሪው ገና ያልወጣበት ወይም እየወጣ ያለበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ከተጀመረ ሕመሙን ያቀላል፣ የሕመሙንም ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥራል። ቁስሉ ቅርፊት ከያዘ በኋላ ግን ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ያለ ምንም መድኃኒት በ7 እስከ 10 ቀን ይድናል። ቫይረሱን ከሥሩ ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም፤ «ዳግም እንዳይመጣብህ አደርጋለሁ» የሚል ሻጭ ካለ አይመኑት።

በጥንቃቄ ለመጠቀም

ቅባቱ በአብዛኛው 5 በመቶ የሆነው ነው። በቀን 5 ጊዜ፣ በየ4 ሰዓቱ ገደማ፣ ለ5 ቀናት በስሱ ይቀባል። ከመቀባት በፊትም በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ዓይን ውስጥ አይገባም።

የሚዋጠውን እንክብል ሐኪም ሳያዝ አይጀምሩ። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 200 ወይም 400 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀናት ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። መድኃኒቱ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ውኃ በደንብ መጠጣት ይገባል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ በዕድሜ የገፉ አባትና እናት፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ግራ መጋባት፣ የሽንት መቀነስ ወይም የሰውነት ሽፍታ ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው አሞክሳሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ቅባት መጠቀም ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነኩም። ሁለተኛው ለማሳከክ ተብሎ የሚሸጥ የስቴሮይድ ቅባት በራስ ፈቃድ መቀባት ነው፤ ይህ የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ ቁስሉን ሊያሰፋው ይችላል።

በረመዷን ምን ይደረግ?

በቀን 5 ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ከጾም ጋር አይገጥምም። መጠኑን በራስ ውሳኔ አንድ ላይ ጠቅልሎ መዋጥ ደግሞ ኩላሊትን መጉዳት ነው። አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ትኩሳቱ የከበደበት ሰው ይህን ራሕመት አይተላለፈው። ከንፈሩ ብቻ ለቆሰለና ጾሙ ላልከበደው ሰው ግን ሐኪም ሌላ መንገድ ሊያገኝለት ይችላል። ለምሳሌ ከአሲክሎቪር ቤተሰብ የሆነው ቫላሲክሎቪር በሚገኝበት ቦታ በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህም ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ይቀራረባል። ቆዳ ላይ የሚቀባውን በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች እስካልተዋጠ ድረስ ጾም አያበላሽም ይላሉ፤ ለራስዎ ሁኔታ ዑስታዝዎን ይጠይቁ።

ለውዱእ ቁስሉን ውኃ ቢነካው ችግር የለም። ፊትን ሲታጠቡ ቁስሉን አለማሸት፣ ቁስሉን በነካ እጅም ዓይንን አለመንካት ነው። ፎጣ፣ መጠጫ ኩባያና ሲዋክ ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ለየብቻ ይሁን።

ተሕኒክና አራስ ቤት

ወደ ትልቁ አደራ ደርሰናል። ልጅ ሲወለድ ቴምር አላምጦ የሕፃኑን ላንቃ መቀባት፣ ተሕኒክ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወረስነው ሱና ነው፤ የአስማእ ቢንት አቢ በክር ልጅ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ይህ ከተደረገላቸው መካከል ነው። ሱናውን አንተውም። ነገር ግን ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ተሕኒክ አያድርግ፤ አራሱንም አይሳም። የሕፃን ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ቫይረስ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ከቆዳና ከአፍ አልፎ ጉበትና አንጎል ሊደርስ፣ ሊገድልም ይችላል። ቫይረሱ አንዳንዴ ቁስል ሳይታይም በምራቅ ስለሚወጣ፣ ቴምሩን በንጹሕ ውኃ አለስልሶ በታጠበ ጣት ስለመቀባት ዑስታዝዎን ማማከር መልካም ነው።

ለዓቂቃ የመጣን እንግዳ «ከንፈርህ ቆስሏልና አትሳመው» ማለት ይከብድ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳው ራሱ ቢቀድም ይሻላል፤ ከሩቅ ዱዓ አድርጎ መመለስ ፍቅር እንጂ ንፍገት አይደለም። ምች የወጣባት እናት ራሷ ከሆነች ማጥባቷን አታቋርጥ፤ እጇን ትታጠብ፣ አፏን በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን፣ ሕፃኑን አትሳም። ቁስሉ ጡቷ ላይ ከሆነ ግን በዚያ ጡት አታጥባ፤ ሐኪም ታማክር።

አራስ ልጅ ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት ካቆመ፣ ከፈዘዘ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ውኃ የቋጠረ ፍንጣሪ ከወጣበት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይድረስ። በደም ሥር የሚሰጠው አሲክሎቪር ቶሎ ከተጀመረ ሕይወት ያድናል።

ለአዋቂም ቢሆን ዓይን ከቀላ፣ ካመመና ብርሃን ከከበደው፣ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልዳነ፣ ወይም በዓመት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ሐኪም ማየት አለበት። ከወር በላይ የቆየ ቁስል የሰውነት መከላከያ መዳከምን ሊያመለክት ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሰበብ ማድረስ ከእኛ፣ ሺፋእ ከአላህ ነው። አላህ ለእኛም ለልጆቻችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።