በተከዜ ላይ የወረደው መርዝና የመንግሥት ኃላፊነት ጥያቄ

አንድ መንግሥት በጦርነት ጊዜ በስውር የፈጸመውን ክፉ ሥራ ከጦርነቱ በኋላ ቢክድ፣ ማን ያስረዳበታል? ተበዳዩ የሚናገረው የተበዳይ ቃል ብቻ ነው ይባላል፤ የበዳዩ ጽሑፍ ደግሞ በበዳዩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ይህ ጥያቄ በሕግ ትምህርት ክፍል ብቻ የሚነሣ ሳይሆን፣ በአገራችን፣ ይልቁንም ከስሜንና ከወገራ ደጋ ግርጌ በሚፈሰው በተከዜ ላይ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን የኢጣልያ መንግሥት በግልጥ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 60 ዓመት አለፈ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ክርክሩ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ነገሩ የዘገየው ምስክር ጠፍቶ አይደለም። ምስክር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። የዘገየው፣ የተከሳሹ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ የተበዳዩ ቃል እንደ ማስረጃ ስላልተቆጠረ ነው። ቀኖቹን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ እንገልጻለን።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። በስተ ምዕራብ በኩል ለመከላከል የተመደቡት የጎጃሙ ገዥ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና የወገራና የስሜን ጦር አለቃ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ነበሩ። ይህ ጦር ወደ ተከዜ ወርዶ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን ወንዙን ተሻግሮ፣ በሽሬ በኩል በደንበጉና መተላለፊያ የኢጣልያን ጦር ድል አደረገ፤ ትንንሾቹንም ታንኮች ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ለጠላት ጦር አዛዦች ይህ ድንጋጤ ነበር፤ የኤርትራ መንገድ ሊከፈትባቸው ነውና።

ከ8 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን ጧት፣ አይሮፕላኖች መጡ። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ለኢጣልያዊው ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ለአንጀሎ ዴል ቦካ እንደ ገለጹት፣ በዚያ ቀን የተጣለው የተለመደው ቦምብ አልነበረም። መሬት ወይም ውኃ ሲነካ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ እንግዳ ነገር ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው እየቆሰለ ጮኹ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። ሕመሙን ለማብረድ ወደ ወንዙ የሮጡትም ውኃው ራሱ ተመርዞ ቆያቸው። ራስ እምሩ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደ ሆነ ስላላወቁ፣ ለወታደሩ የሚሰጡት ትእዛዝ አጡ።

መሣሪያው ኢፕሪት ይባላል፤ በሽታው ምክንያት የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉትም አሉ። ስያሜውን ያገኘው ጀርመኖች በ1917 በፈረንጅ አቆጣጠር መጀመሪያ ከተጠቀሙበት ኢፕር ከሚባለው የቤልጅግ ከተማ ነው። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ፣ በመሬት፣ በሣርና በቅጠል ላይ ለብዙ ቀን ተጣብቆ የሚቆይ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ኢጣልያኖች ሲ 500 ቲ በሚሉት ትልቅ ቦምብ ውስጥ ከ200 ኪሎ በላይ እየሞሉ፣ ከመሬት በላይ በአየር ላይ እንዲፈነዳና እንደ ዝናብ እንዲወርድ ያደርጉት ነበር። ስለዚህ ዓላማው በዚያች ሰዓት የቆመውን ወታደር መግደል ብቻ አልነበረም። የወንዝ መሻገሪያን፣ መንገድንና ግጦሽን መርዞ፣ ኋላ የሚመጣው ሰውና ከብት እንዳያልፍ መዝጋት ነበር። በባዶ እግሩ ለሚሄድና ነጠላ ለለበሰ ወታደር ከዚህ የከፋ የለም። ሌላም ጠባይ አለው፤ ቁስሉ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነው። ይህም ለመካድ የሚመች ጠባይ ነው፤ አድራጊው ከሄደ በኋላ የሚገለጥ በደል ነውና።

ምሥጢሩ እንዴት ተጠበቀ

ኢጣልያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የዠኔቭ ስምምነት በ1928 አጽድቃለች፤ እነዚህ ሁለቱ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ሕጉን አላውቅም ልትል አትችልም። ማወቋን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዱት የሙሶሊኒ ቴሌግራሞች ናቸው። ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር ለነበረው ለግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም ፈቀደለት። ታኅሣሥ 18 ቀን በሰሜን ግንባር ለነበረው ለባዶሊዮ በማናቸውም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም ፈቀደ። ታኅሣሥ 26 ቀን ግን በዠኔቭ ስብሰባ ስለ ነበረ፣ ስብሰባው እስኪያልፍ ጋዙ እንዲቆም አዘዘ፤ ጥር 10 ቀን እንደገና ለቀቀው።

እኛ እንደሚመስለን፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከፈቃዱ ይልቅ የሚከብደው ማገጃው ነው። የሚያደርገው ነገር ትክክል መስሎት የሚያደርግ ሰው፣ ሌሎች ሲመለከቱት አያቆምም። ስብሰባ ሲኖር ቁም፣ ስብሰባ ሲያልፍ ቀጥል የሚል ትእዛዝ ግን የጥፋተኛ ትእዛዝ ነው።

ምስክር ግን አልጠፋም ነበር። በቆሬም የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል መልክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ቁስለኞቹን በዓይኑ አይቷል። የመንግሥታት ማኅበር ኮሚቴ ስለ ጋዙ ያለውን ማስረጃ እንዲሰጥ ቀይ መስቀልን በ1928 ዓ.ም. በጠየቀ ጊዜ፣ ድርጅቱ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ አልሰጥም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዠኔቭ ቆመው ስለ መርዙ ዝናብ ዘርዝረው ሲናገሩ፣ ጎንደር መጋቢት 23 ቀን ተይዛ ከሁለት ወር በላይ ሆኗት ነበር። እንግዲህ ዓለም አልሰማም ማለት አይቻልም፤ ሰምቷል፣ ነገር ግን የሰማውን እንደ ክስ እንጂ እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም።

ክሱ ከጦርነቱ በኋላ

ከድል በኋላ ነገሩ በሕግ መንገድ ተጀመረ። በ1939 ዓ.ም. (1947 በፈረንጅ) በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ38ኛው አንቀጹ፣ ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ስላደረገችው ነገር ኃላፊነቷ የሚቆጠረው ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ሆነ ወሰነ። በ45ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢጣልያ የጦር ወንጀለኞችን ለፍርድ እንዲቀርቡ የማድረግ ግዴታ ተቀበለች። የኢትዮጵያ መንግሥት የጦር ወንጀል መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቁሞ፣ የምስክሮችን ቃልና ከጠላት የተማረኩ ቴሌግራሞችን ሰበሰበ፤ የፍርድ ሚኒስቴርም በሁለት ጥራዝ አሳተማቸው።

ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ያቀረበችው የ10 ሰዎችን ስም ነበር። ከነዚህ መካከል ባዶሊዮና ግራዚያኒ በሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ለጎንደር ሰው ግን ሌሎች ሁለት ስሞች ይቀርቡታል። አንደኛው፣ ኢጣልያኖች አማራ ብለው በከለሉትና መቀመጫውን ጎንደር ባደረጉት ግዛት ላይ የመጀመሪያው ገዥ የነበረው አለሳንድሮ ፒርዚዮ ቢሮሊ ነው። ሁለተኛው ጉሊየልሞ ናሲ ነው፤ በጎንደር የነበረው የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር አዛዥ እርሱ ሲሆን፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ኮሚሲዮኑ በ1940 ዓ.ም. ጉዳዩን ተመልክቶ፣ ከነዚህ በአብዛኞቹ ላይ ለክስ የሚያበቃ ነገር እንዳለ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ምንም ነው። ባዶሊዮ በ1935 ዓ.ም. ከተባበሩት ኃይሎች ጋር ጦርነት የማቆም ውል የተዋዋለው መንግሥት መሪ ስለ ነበረ፣ እንግሊዞች ለፍርድ እንዲቀርብ አልወደዱም። ኢትዮጵያ በ1949 በፈረንጅ አቆጣጠር ባዶሊዮና ግራዚያኒ እንዲሰጧት ጠይቃ አልተሳካላትም። ግራዚያኒ በ1950 በገዛ አገሩ 19 ዓመት ቢፈረድበትም፣ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ ስላደረገው አልነበረም፤ በዚያው ዓመትም ተፈታ። በኢትዮጵያ ስለተፈጸመው ወንጀል በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የቀረበ አንድም ኢጣልያዊ የለም።

ሦስቱ የመካጃ መንገዶች

ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ ክርክሩ ወደ ሕዝብ አደባባይ ተላለፈ። ዴል ቦካ በ1965 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ጦርነቱ ባሳተመው መጽሐፍ ጋዙን በግልጥ በጻፈ ጊዜ፣ ከቀድሞ ወታደሮች ብዙ ውርጅብኝ ወረደበት። ከተከራካሪዎቹም ዋናው በወጣትነቱ በኢትዮጵያ የዘመተው ታላቁ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር። የካጆቹን ነገር ስንመረምር ሦስት መንገድ እናገኛለን።

የመጀመሪያው፣ «እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም፤ ስለዚህ አልሆነም» የሚለው ነው። ያላየ ሰው አላየሁም ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ጋዙ የተጣለው በአይሮፕላን፣ በተመረጠ ቦታ፣ በምሥጢር ነበርና፣ አንድ የበታች መኮንን ሁሉን ሊያይ አይችልም። አልሆነም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ጋዙ የተጣለው ለብቀላ ነው የሚለው ነው። ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ኢጣልያዊ አይሮፕላን ነጂ በኦጋዴን ተገድሏልና፣ ያ ነው ምክንያቱ ይላሉ። ይህን ለመመለስ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ሚኒቲ የሞተው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። የተከዜው መርዝ ግን ታኅሣሥ 13 ቀን ወርዷል፤ ለግራዚያኒ የተሰጠውም ፈቃድ ከሁለት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ብቀላ ከበደሉ አይቀድምም።

ሦስተኛው፣ ጋዙ ጥቂት ነበረ፣ የጦርነቱንም ውጤት አልለወጠም የሚለው ነው። ይህ ለጦር ታሪክ ጸሐፊዎች መከራከሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለሕግ ግን መልስ አይሆንም። ስምምነቱ የከለከለው መጠቀሙን እንጂ በመጠቀም ማሸነፉን አይደለምና።

በመጨረሻ ነገሩን የቈረጠው የመንግሥቱ የራሱ መዝገብ ነው። በኢጣልያ ምክር ቤት ጥያቄ ቀርቦ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጥር 29 ቀን 1988 ዓ.ም. በሰጡት መልስ፣ ኢፕሪትና አርሲን የተሞሉ የአይሮፕላን ቦምቦችና የመድፍ ጥይቶች በጦርነቱ እንደ ተሠራባቸው፣ ባዶሊዮም ይህን ያውቅ እንደ ነበረ አረጋገጡ። ሞንታኔሊም በዚያው ወራት ሰነዶቹ የርሱን ቃል እንዳፈረሱት በጋዜጣ አመነ።

መዝገቡም በዚህ አላለቀም። በ1998 ዓ.ም. ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት እንዴት እንዳለቁ የሚያስረዳ የጦር ሰነድ አገኘ። ኋላም የቅርስ ቁፋሮ ሊቃውንት ዋሻውን አጥንተው ጽፈዋል። የመንዝ ገበሬ ግን የዘመዶቹን አጥንት እዚያ እንዳለ ሰነድ ሳይጠብቅ ያውቅ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን አለመርሳት ብቻውን በዓለም ፊት እንዳላበቃ ከላይ አይተናል። በጎንደር ፒያሳ ኢጣልያኖች የሠሩት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት እስከ ዛሬ ይታያል፤ የሊማሊሞም መንገድ እንደዚሁ። ድንጋይ ሠሪውን ይመሰክራል። መርዝ ግን በጥቂት ሳምንት ይጠፋልና፣ ሰው ካልጻፈው ምልክት የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይከተላል እንላለን። አንደኛ፣ የመንግሥት ኃላፊነት የሚጀምረው ይቅርታ ከመጠየቅ ሳይሆን መዝገብን ከመክፈት ነው። መዝገቡን ዘግቶ ማስረጃ አምጡ የሚል መንግሥት፣ ከሳሽንም ዳኛንም በአንድ ጊዜ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ የተበዳዩ ወገን ቃሉን በጊዜው፣ በቀንና በቦታ፣ በስምና በፊርማ መጻፍ አለበት። በ1928 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 100 ዓመት ገደማ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በአዲ አርቃይ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚናገሩ ልጆችና የልጅ ልጆች ግን አሉ፤ የነርሱንም ቃል ከዓይን ምስክር ለይቶ መመዝገብ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው።

ይህ ያለፈው ዘመን ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተከዜ ራሱ ያስታውሰናል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የተከዜ ድልድይ ፈርሶ የእርዳታ መተላለፊያ ተቋረጠ፤ ማን አፈረሰው የሚል ክርክርም ተነሣ። ጦርነቱ በዚህም ደጋ አልፎ በብዙ ቤት ሐዘን ጥሏል። የዚህን ጉዳይ ፍርድ እዚህ አንሰጥም። የምንለው፣ የ1928ቱ ነገር 60 ዓመት የፈጀበት ምክንያት እንዳይደገም፣ የየትኛውም ወገን ትእዛዝና መዝገብ እንዲጠበቅ፣ የምስክርም ቃል ምስክሩ በሕይወት ሳለ እንዲጻፍ ነው። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ይህን አሳብ መርምረው፣ የጎደለውን እንዲሞሉና የተሳሳተ ቢያገኙ እንዲያርሙ እንጠይቃለን።